ለመርማሪው የተቆጠረ ዘመድ



ባለፈው ወር አንድ ምሽት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ቤቴ ስገባ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄን ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ፊት ቆማ አገኘኋት። ግድግዳው ላይ የአልጋ አንሶላ የሚያክል ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ ሠላሳ ወይም አርባ የሚሆኑ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች ስም ተጽፎ፣ አንዱ ከሌላው በቀይ ክር ተያይዟል። «ይኼ ደግሞ የምን ትምህርት ነው?» አልኳት። «ትምህርት አይደለም አባዬ፤ እነዚህ ድራማዎች ሁሉ አንድ ዓለም ውስጥ መሆናቸውን የሚያሳይ ካርታ ነው» አለችኝ። የሒሳብ ፈተናዋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ ደግሞ አገር ቤት ስምንት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድም ቃል ሳልናገር ወረቀቱን ከግድግዳው ላቅቄ፣ አጣጥፌ፣ ቁም ሣጥን ላይ ወረወርኩት።

በማግስቱ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ይህንኑ ለባልደረቦቼ አወራሁ። ሁሉም አመሰገኑኝ። አንዱ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ብሎ ተረተ። ሌላው ደግሞ «እኛ በእሷ ዕድሜ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር ነበር፤ የዛሬ ልጆች ለፈረንጅ ፖሊስ ዘመድ ይቆጥሩለታል» አለና አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ተራዬ ደርሶ መንገደኛ ጭኜ ስወጣ ግን ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጄ ሰባት ቤት የማትቆጥረው ማን ቆጥሮላት ነው? እኔ መቼ ነገርኳት?

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሦስት ወገኖች ጋር ሙግት ስላለኝ ነው። አንደኛው ነገሩን ሥራ ፈትነት ነው ከሚሉ የእኛ ወላጆች ጋር ነው። ሁለተኛው ካርታውን ከሚሠሩት አድናቂዎች ጋር ነው፤ ክራቸውን ብወድላቸውም ድምዳሜያቸውን አልቀበልም። ሦስተኛው ከራሴ ጋር ነው። በመጀመሪያ ግን ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከ1982 እስከ 1988 በኤንቢሲ ጣቢያ ሲታይ የነበረ ሴንት ኤልስዌር የሚባል ድራማ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው ቦስተን ከተማ በሚገኝ ሴንት ኤሊጂየስ በተባለ የተጎሳቆለ ሆስፒታል ነው። ከሐኪሞቹ አንዱ ዶክተር ዌስትፎል ኦቲዝም ያለበት ቶሚ የሚባል ልጅ አለው። ድራማው በግንቦት 1988 ሲያበቃ የመጨረሻው ትዕይንት ሁሉን ነገር ገለበጠው። ዶክተር ዌስትፎል የሕንፃ ሥራ ሠራተኛ ሆኖ ከሥራ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው አንጋፋ ሐኪም የልጁ አያት ሆኖ ቤት ተቀምጧል። ልጁ ሲነቀነቅ በረዶ የሚበንበትን የመስተዋት ኳስ ይዞ ትክ ብሎ ያያል። አባትየው ልጁን እያየ፣ ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን ያስብ ይሆን እያለ ይጨነቃል። ከዚያም ኳሱን ወስዶ ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጠዋል። በኳሱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሕንፃ ሴንት ኤሊጂየስ ሆስፒታል ነው። ተመልካቹም ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ሁሉ የዚህ ልጅ ሐሳብ ኖሯል ብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን የዚህ ሆስፒታል ሰዎች ሌላ ድራማ ውስጥም ገብተው ያውቃሉ። በ1985 ሦስት ሐኪሞች ቺርስ ወደሚባለው ቡና ቤት ሄደው ጠጥተዋል። ቺርስ ደግሞ እንደሚታወቀው ራሱን የቻለ ሌላ ድራማ ነው። የሴንት ኤሊጂየሷ ዶክተር ሮክሳን ተርነር በ1998 ባልቲሞር ውስጥ በሚፈጸመው ሆሚሳይድ በተባለው የፖሊስ ድራማ ብቅ ብላለች። ሆሚሳይድ ውስጥ ደግሞ ጆን መንች የሚባል ነገረኛ መርማሪ አለ። የዚህ ሰው እግር ማረፊያ የለውም። በ1997 በኤክስ ፋይልስ ታየ። ከ1999 ጀምሮ ኒው ዮርክ ገብቶ በላው ኤንድ ኦርደር ልዩ ክፍል ለዓመታት ሠራ። በ2008 ዘ ዋየር ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ተገኘ። በ2023 ያረፈው ተዋናይ ሪቻርድ ቤልዘር ይህን አንድ ሰው ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ሲሻገር ኖረ። እንግዲህ ሆስፒታሉ የልጁ ሐሳብ ከሆነ ሐኪሟም ሐሳብ ናት፤ ሐኪሟ የገባችበት ሆሚሳይድም ሐሳብ ነው፤ መንች የረገጠው ሁሉ ሐሳብ ነው። እንዲህ እያለ ክሩ ሲተረተር የአሜሪካ ቴሌቪዥን እኩሌታው በአንድ ሕፃን ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ያድራል። የልጄ ወረቀት ይህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሙግቴ ልግባ። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሥራ ፈትነት ነው ስንል ትንሽ አናፍርም? እኛ እኮ የዚህ ሙያ ዋና ሊቃውንት ነን። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ዱለስ ኤርፖርት ላይ ሲገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት ነህ?» ነው፤ ሁለተኛው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የአክስቱ ጎረቤት የእኔ የክርስትና እናት ሆና ትገኛለች። ለቅሶ ቤት ገብተን ከማናውቀው ሰው አጠገብ ስንቀመጥ ቡናው ሳይፈላ ዝምድና እናገኛለን። ልጄ መንች ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሰውየውን ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደሚያውቅ፣ የት እንዳደረ ጠየቀችው። ደሟ ነው።

ደግሞም ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱን ከቁም ሣጥን አውርጄ አንድ ሌሊት መረመርኩት። እያንዳንዱ ክር ሥር ዓመተ ምሕረት አለ፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ተጽፏል። ሁለት ድራማ ውስጥ አንድ ተዋናይ ታየ ተብሎ ክር አይሳብም፤ ያው ገጸ ባሕርይ በዚያው ስሙና በዚያው ሙያው መታየት አለበት። ማስረጃው ደካማ ከሆነ ክሩ ቀይ ሳይሆን ነጭ ነው። እኔ ሳስተምር ስንት ተማሪ ነው ማስረጃን እንዲህ በደረጃ እንዲለይልኝ የለመንኩት!

ነገሩ የገበያ ብልሃት ነው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አለበት። ኤንቢሲ በኅዳር 1994 አንድ ሐሙስ ምሽት በማድ አባውት ዩ የኒው ዮርክን መብራት አጥፍቶ፣ በፍሬንድስም ያንኑ ጨለማ አሳይቶ፣ ተመልካቹን ከወንበሩ እንዳይነሳ አድርጓል። መንች ግን በ1997 የሄደው ወደ ተፎካካሪ ጣቢያ ነው። ኤንቢሲ ለፎክስ ገበያ የሚያደርግበት ምን ምክንያት አለው? የሴንት ኤሊጂየሷ ሐኪም ባልቲሞር የተገኘችውም ቶም ፎንታና የተባለው ሰው አስቀድሞ ሴንት ኤልስዌርን ሲጽፍ ኖሮ ኋላ ሆሚሳይድን ስለመራ ነው። ሰውየው የድሮ ቤቱን ሰዎች ወደ አዲሱ ቤቱ ጠራ። አገር የለቀቀ ሰው ይህን ካልተረዳው ማን ሊረዳው ነው?

ሁለተኛው ሙግቴ ከአድናቂዎቹ ጋር ነው፤ እዚህ ላይ የድሮ ጠመኔዬን አነሳለሁ። ሀ ከለ ጋር እኩል ቢሆን፣ ለም ከሐ ጋር እኩል ቢሆን፣ ሀ ከሐ ጋር እኩል ነው። ይህ ይሻገራል። ሀ የለ ጎረቤት ቢሆን፣ ለም የሐ ጎረቤት ቢሆን፣ ሀ የሐ ጎረቤት ነው ማለት ግን አይቻልም። ይህ አይሻገርም። ጥያቄው እንግዲህ «በሐሳብ ውስጥ መሆን» የሚሻገር ነገር ነው ወይ? አይደለም። እኔ ትናንት ሌሊት በሕልሜ ከባልደረባዬ ጋር ላሊበላ ሄጄ ነበር። ላሊበላ ግን ከእኔ ሕልም በፊት ነበረች፤ ባልደረባዬም ጠዋት ተራ ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። በሕልሜ ስለገቡ ሕልም አልሆኑም።

የቶሚ ነገርም እንዲሁ ነው። በዚያ በመጨረሻው ትዕይንት አባትየው ኳሱን የት እንዳስቀመጠው አስታውሱ። ቴሌቪዥን ላይ ነው። በዚያ ቤት ቴሌቪዥን አለ! ልጁ ቺርስን ቁጭ ብሎ አይቶት ቢሆንስ? ያየውን ቡና ቤት ሐኪሞቹን ልኮ ቢያስጎበኝበትስ? ያን ጊዜ ቺርስ በልጁ ሐሳብ ውስጥ የተፈጠረ ሳይሆን ልጁ ከቺርስ የተዋሰ ይሆናል። ክሩ ያው ክር ነው፤ የሚጎትተው አቅጣጫ ግን ተገለበጠ።

አልጠግብ ላለ ሰው ሌላም አለኝ። በ1985 የሴንት ኤሊጂየስ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሚስተር ካርሊን የሚባል ታማሚ ታይቷል። ይህ ሰው ቦብ ኒውሃርት ሾው ከሚባለው ከ1972 እስከ 1978 ከታየው ድራማ የመጣ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው የቦብ ሃርትሊ ደንበኛ ነው። ይኸው ቦብ ሃርትሊ በ1990 ኒውሃርት የተባለው ሌላ ድራማ ሲያበቃ ከአልጋው ብድግ ብሎ፣ ስምንት ዓመት የታየው የቨርሞንቱ የእንግዳ ማረፊያ ሁሉ የእሱ ሕልም እንደነበር ለሚስቱ ነገራት። ታዲያ የማን ሕልም ነው? ቨርሞንት የሃርትሊ ሕልም ከሆነች፣ ሃርትሊ የቶሚ ሕልም ከሆነ፣ ቶሚስ የማን ነው? ደግሞ በ1992 በማድ አባውት ዩ የሳይንፌልዱ ክሬመር በሥጋ ታይቷል። በ1995 ግን ሳይንፌልድ ውስጥ ጆርጅ ማድ አባውት ዩን በቴሌቪዥን ሲያይ እናገኘዋለን። ጎረቤትህ የሆነ ሰው እንዴት ቴሌቪዥንህ ውስጥ የሚተረክ ልብ ወለድ ይሆናል? ካርታው እዚህ ላይ ራሱን ይቀዳል።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ሐሳቡን በ2002 በጽሑፍ ያሰራጨው ዱዌይን ማክዱፊ የተባለ፣ በ2011 ያረፈ ጥቁር አሜሪካዊ የኮሚክ መጻሕፍት ደራሲ ነበር። የጻፈውም ሰው እንዲያምነው አልነበረም። የኮሚክ አንባቢዎች ታሪኮቹ ሁሉ አንድ ዓለም ውስጥ ካልገጠሙ ብለው ሲያስቸግሩ፣ እንግዲያው በዚህ መንገድ ብንሄድ የት እንደምንደርስ እዩ ብሎ ለማሳየት ነው። በሒሳብ ይህ የታወቀ ስልት ነው። የተሳሳተውን ሐሳብ ለጊዜው ትቀበልና ወደ ከንቱ ነገር ትወስደዋለህ፤ ከንቱው ላይ ሲደርስ መነሻው ስህተት እንደነበር ይታወቃል። አድናቂዎቹ ግን ከንቱው ላይ ሲደርሱ ድንኳን ተከሉ።

ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ታዲያ ክሮቹ አልጠፉም እኮ አባዬ፤ የጠፋው ልጁ ብቻ ነው» አለችኝ። ዕፁብ ነው። ሰው ከሰው መያያዙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የአንድ ሰው ንብረት ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በአንድ ቀን ከሆስፒታል ነርስ አንስቼ ቤቷ አደርሳለሁ፤ ከፍርድ ቤት ጠበቃ አንስቼ ቡና ቤት አወርዳለሁ፤ ከኤርፖርት ሙሽራ አመጣለሁ። ሁሉም በእኔ ወንበር ላይ አልፈዋል፤ አንዳቸውም ግን የእኔ አይደሉም። ዝምድና ይሻገራል፤ ባለቤትነት አይሻገርም። ይህን ለድራማ አድናቂ ብቻ አልናገርም። እኛም «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ያን ደግ ጥያቄ አንድ ቀን ለመገናኘት፣ ሌላ ቀን ለመለያየትና የእኛ ነህ ወይስ የእነሱ ለማለት የምናውለው ሰዎች ነን። ኤርፖርት ላይ ተራ ስንጠብቅ በየቡድናችን ተለያይተን የምንቆመውን ተመልከቱ። ልጆቹ ቦስተን ያለ ሆስፒታልን ከባልቲሞር ፖሊስ ጋር ያዛምዳሉ፤ እኛ አሥር እርምጃ የተራራቁ ሁለት የቡና ስኒዎችን ማዛመድ አቅቶናል።

ካርታው ላይ አንድ ሌላ ቅሬታ አለኝ፤ ይህ የሙያዬ ቅሬታ ነው። ከ1978 እስከ 1983 ታክሲ የሚባል አስቂኝ ድራማ ነበር። ከጻፉትና ከመሩት ሰዎች መካከል የቻርልስ ወንድማማቾችና ጄምስ በሮውስ ኋላ ቺርስን የፈጠሩ ናቸው። በዚያ የታክሲ ጋራዥ ውስጥ ላትካ የሚባል መጤ መካኒክ አለ። አገሩ ስም የለውም። ቋንቋውም ተዋናዩ አንዲ ካውፍማን ከራሱ የፈጠረው ጉርምርምታ ነው። ከ1986 እስከ 1993 ደግሞ ፐርፌክት ስትሬንጀርስ ውስጥ ቺካጎ የመጣው እረኛ ባልኪ ሚፖስ ከምትባል፣ በየትኛውም የዓለም ካርታ ከሌለች ደሴት ነው የመጣው። ቦስተን ቦስተን ናት፤ ባልቲሞር ባልቲሞር ናት፤ የእኛ ቢጤ ሲመጣ ግን አገሩ ይፈለሰፍለታል፤ ቋንቋው መሳቂያ ይሆናል። ከዚያው ከባልኪ ድራማ የአሳንሰር ሠራተኛዋ ሃሪየት ዊንስሎው ወጥታ በ1989 ፋሚሊ ማተርስ የተባለ የራሷ ድራማ ተሰጣት፤ ጥቁር ቤተሰብ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። የላትካን አገር ግን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። ልጄ ወረቀቷ ላይ ከላትካ ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። ያን ምልክት ሳይ ቁም ሣጥን ላይ የወረወርኩት ምን እንደሆነ ገባኝ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙግት ከራሴ ጋር ነው። ስለ ቶሚ ስንጫወት ሁላችንም ልጁን ረሳነው። አድናቂዎቹ የዓለም ባለቤት አደረጉት፤ እኔ የሒሳብ ጥያቄ አደረግሁት። ትዕይንቱ ግን የሚያሳየው ዝም የሚል ልጅና ልጁን ማወቅ ያቃተው ደካማ አባት ነው። በእኛ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋበት ስንት ነው? «ምን በድለን ነው?» እየተባለ ልጁ ከሰርግም ከጥምቀትም የሚቀርበት? ማክዱፊ ያን ጽሑፍ በጻፈበት በዚያው በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈቱት ለራሳቸው ልጅ ትምህርት ቤት አጥተው ነው። አንዱ ስለ ምናባዊው ልጅ ሲጽፍ አንዲት እናት ለእውነተኛው ልጅ በር ከፈተች። በውጭ አገር የምንኖረው ደግሞ እርዳታው በእጃችን እያለ ከሐፍረት የተነሳ በር የምንዘጋ ሞልተናል።

የእኔ ልጅ ኦቲዝም የለባትም። እኔ ግን ያው አባት ነበርኩ። ከሥራ እገባለሁ፤ ልጄ አንድ ነገር ላይ ትክ ብላለች፤ ምን ታስብ ይሆን እላለሁ፤ ሳልጠይቃት እተኛለሁ። የዌስትፎል አባት ልጁ ሊመልስለት የማይችለውን ጥያቄ ለራሱ ጠየቀ። የእኔዋ መልስ አላት፤ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ። ይባስ ብዬ መልሷን ከግድግዳ ላይ ቀደድኩት፤ አንደኛው ጥግ እውነትም ተቀዷል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የምለምንህ አጭር ነው። ልጅህ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ብታገኘው አትንጠቀው። ወንበር ስበህ ተቀመጥና «ይኼ ክር ከየት ወደ የት ነው?» በለው። ድምዳሜው ስህተት ከሆነ ተከራከረው፤ ልጅ ክርክር አይጎዳውም፤ ንቀት ግን ይጎዳዋል። ከዚያ ከዚያው ወረቀት ጎን የአንተን ካርታ አስጀምረው። አያቱ ማን እንደሆነ፣ ቅድመ አያቱ ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ የትኛው አጎት በየት በኩል አገር እንደለቀቀ ንገረው። ማስረጃ ይጠይቅሃል፤ ተዘጋጅ።

እኔ ባለፈው እሑድ ጀምሬያለሁ። ወረቀቱ ተጣብቆ ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ ከጎኑ ሌላ ወረቀት አለ። እስከ አራተኛው ቤት ደርሰን አምስተኛው ላይ እኔም ጠፋኝ። ልጄ እዚያ ቦታ ላይ ነጭ ክር አድርጋ «ማስረጃው ደካማ ነው» ብላ ጻፈችበት። ማታውን አገር ቤት ለእናቴ ደወልኩ።